ያጠብኳቸው አምፖሎች

እኔን ብሎ የሙዚቃ ማጫወቻ አዋቂ! ፊደል አልቆጠርኩ፣ የቴሌቪዥኑን ሪሞት እስከ ዛሬ ገልብጬ ነው የምይዘው፣ ማይክሮዌቩ ጢጥ ሲል "አቤት" ብዬ የማውቅ ሴት ነኝ። በሰው ዕቃ ምን ጥልቅ አደረገኝ? ይሄን የምትጽፍልኝ ልጄ ናት፤ እኔ እናገራለሁ እሷ ትጽፋለች። አሁንም እየጻፈች ትስቃለች። ሳቂ፣ ግን እንዳልኩሽ ጻፊው፣ እንዳታሳምሪው ብያታለሁ።

ቤታችን ዋይትሆል የሚባል ሰፈር ነው፣ ከኤርፖርቱ ብዙም የማይርቅ አፓርትመንት፣ የታችኛው ፎቅ። ሳሎናችን ውስጥ ከኔ የበለጠ ክብር ያለው አንድ ዕቃ አለ። ባለቤቴ "ፕሪአምፕ" ይለዋል፣ እኔ ጣውንቴ ነው የምላት። የጫማ ካርቶን የምታክል ጥቁር ሳጥን ነች። አናቷ ላይ አውራ ጣት የሚያካክሉ ሁለት የብርጭቆ አምፖሎች ቆመውባታል። እንደ ቤት አምፖል ቦግ አይሉም፤ ሆዳቸው ውስጥ ትንሽ ፍም ነገር ትቀላለች፣ በቃ። ከሸክላው የሚወጣው ድምፅ መጀመሪያ እዚያ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ወደ ትልቁ አምፕሊፋየር፣ ከዚያ ወደ ሁለቱ ስፒከሮች። ይሄን ያስረዳኝ እሱ ነው።

"እዚያ ገብቶ ምን ያደርጋል?" አልኩት።

"ይሞቃል።"

"ምነው፣ ድምፅም ብርድ ይመታዋል እንዴ?"

ሦስት ቀን አኮረፈኝ።

ያመጣት ሂሊያርድ ከሚባል ሰፈር ነው። አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ጋራዥ ሴል፣ የአሮጌ ዕቃ ሽያጭ፣ ደጁ ላይ አውጥቶ፣ ልጁን እንደሚድር አባት እየመከረ ነው አሉ የሰጠው። አብሯት አንድ ሳጥን መለዋወጫ አምፖል መጣ። አስራ ስድስት ናቸው፣ እያንዳንዳቸው በስስ ወረቀት የተጠቀለሉ።

አሁን የሚያስቀውን ልንገራችሁ። ባለቤቴ የሚሰማው በአንድ ጆሮው ብቻ ነበር። ግራው በልጅነቱ ማጅራት ገትር ይዞት በዚያው ቀርቷል። ስፒከሮቹን ተሸክሞ ሲያስገባ፣ "ሰውዬ፣ ለአንድ ጆሮ ሁለት ስፒከር ምን ያደርግልሃል?" አልኩት።

"አንዱ ያንቺ ነዋ" አለኝ።

ቀልዱን መስሎኝ ነበር። ለካስ ሁለቱ እኩል መጮኻቸውን በአንድ ጆሮ መለየት አይቻልም፤ ሁለት ጆሮ ያለው ሰው ያስፈልጋል። ስለዚህ እኔን ሶፋው መሐል ላይ ያስቀምጠኝና "ዘፋኟ ወዴት ታደላለች?" ይለኛል። ወደ ግራ ካልኩት ግራውን አንድ ጣት ያህል ወደ ኋላ ይገፋዋል። እንደገና "አሁንስ?" ይለኛል። እንዲህ ሆኜ ነው የገባሁበት። የሠርግ ዘፈን ሲከፈት እንኳን ጆሮዬን የምይዝ፣ ጩኸት የማልወድ ሴት፣ የሰውዬው ግራ ጆሮ ሆኜ ተቀጠርኩ።

እኔ ደግሞ ክፉ ነኝ። ደህና ሆና ሳለ "ወደ ቀኝ ታደላለች" እለዋለሁ፤ ይነሳል፣ ይገፋል። "ውይ፣ አሁን ደግሞ ወደ ግራ።" ይነሳል፣ ይገፋል። የታጠበ ልብስ ጭኔ ላይ አድርጌ እያጣጠፍኩ ሽማግሌ ስፒከር ሲገፋ ማየት ደስ ይለኛል። አንድ ቀን ወገቡን ይዞ ቀና ብሎ "ሴትዮ፣ እውነትሽን ነው?" ሲለኝ ሳቄ አመለጠኝ። ከዚያ ወዲያ አያምነኝም። እያማልኩ እንኳን አያምነኝም። ይሄ በኋላ ጎድቶኛል።

ጣውንቴ ሥርዓት አላት። ስትከፈት መጀመሪያ እሷ ትበራና እስክትሞቅ ይጠበቃል፤ ትልቁ ከዚያ ነው የሚበራው። ሲዘጋ ትልቁ ይቀድማል። ከተሳሳትክ ስፒከሮቹ ድው ይላሉ፣ የሱም ፊት ይጠቁራል። እሱ የሚጠብቀው በሰዓት ነው። እኔ አንድ አባታችን ሆይ ቀስ ብዬ ደግሜ ስጨርስ ሞቃለች ማለት ነው። "ለዘፈን ጸሎት!" እያለ ያሾፍብኛል፤ ግን ሰዓቱን ሰርቆ ሲያይ አይቼዋለሁ፣ ልክ ነኝ።

ደግሞ አውሮፕላኖቹ አሉ። ከጣሪያችን ላይ ናቸው ማለት ይቻላል። ባለቤቴ መርፌውን ሸክላው ላይ ሊያስቀምጥ ሲል አውሮፕላን ከመጣ ግራ እጁን ብድግ ያደርጋል፣ ልክ እንደ ትራፊክ ፖሊስ። ዝም በሉ ማለቱ ነው። ቤቱ ውስጥ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ፣ ዝም ነው ያልኩት፤ ግን እጁን ያነሳል። እኔ ሳልሰማው ድምፁን የሚሰማው እሱ ቀድሞ ነበር፣ በዚያች በአንድ ጆሮው።

ያለፈው ዓመት ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር ያቺ አንዷ ጆሮ ትጮህበት ጀመር። ራሱን ያዞረዋል፣ ግድግዳ ይይዛል። ኤምአርአይ አስገቡት። ዶክተሩ ረጅም ተናገረ፣ ልጄ አጭር ተረጎመች።

"ማሚ፣ ከጆሯቸው ኋላ ዕጢ አለ። ካንሰር አይደለም። ግን እያደገ ነው፣ ወደ ጭንቅላት እየገፋ ነው፣ መውጣት አለበት። ሲወጣ ጆሯቸው አይተርፍም።"

"ጭራሽ?"

"ጭራሽ።"

ባለቤቴ "መቼ?" ብቻ አለ። ሦስት ሳምንት ተባለ።

ወደ ቤት በልጄ መኪና ተመለስን። ፍሪዌይ ላይ ከወጣን በኋላ ነው እሱ በመስኮቱ እያየ "ሁለቱን አወጣቸዋለሁ" ያለው።

ልጄ አልገባትም፣ እኔ ግን ገባኝ። ሽማግሌው ፈረንጅ ከአስራ ስድስቱ ሁለቱን ለብቻ አሳይቶት ነበር። እህትማማች ናቸው፣ እንደነሱ ያለ አሁን አይሠራም ብሎታል። ባለቤቴ ያመጣት ቀን አንዴ ሰክቷቸው አንድ ሸክላ ሰማባቸው። አንዲት ወጣት ሴት በክራር የምትዘፍነው ነው። እኔ ያን ጊዜ ሆቴል ላውንደሪ እሠራ ስለነበር አልሰማሁም። ከሥራ ስመለስ በር ላይ ተቀበለኝ። "ከመዝፈኗ በፊት ትንፋሿን ስትስብ ሰማኋት" አለኝ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። ከዚያ አምፖሎቹን ነቅሎ፣ በቀይ እስክሪብቶ ምልክት አድርጎባቸው፣ ጠቅልሎ አስቀመጣቸው። ያልቃሉ፣ ለደህና ቀን ይሁኑ ብሎ። ስንት ዓመት! ልጅ ተዳረ፣ የልጅ ልጅ ተወለደ፣ እሱ ጡረታ ወጣ፤ አንዱም ቀን ደህና ቀን አልሆነለትም።

"ጆሮዬ ሳይዘጋ አንዴ ልስማት" አለ። ሌላ ነገር አልጠየቀም። ሌላ ሰው ቢሆን አገር ቤት ውሰዱኝ ይል ነበር፣ ንብረት ልናዘዝ ይል ነበር።

እሁድ ረጋ ብሎ ሊሰማት ቀጠረ፤ ምክንያቱም ቅዳሜ ሰው ሊጠይቀው ይመጣል። እንደምታውቁት ሰው ሊታከም ነው ከተባለ የኛ ሰው ተሰብስቦ ነው የሚመጣው። ዓርብ ዕለት እሱን ልጄ ለደም ምርመራ ስትወስደው እኔ ቤት ማጽዳት ጀመርኩ። ሶፋ አነሳሁ፣ መጋረጃ አጠብኩ። መደርደሪያው ጋ ስደርስ ያቺን ሳጥን አገኘኋት። ከፈት ሳደርጋት ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል። ብርጭቆዎቹ ላይ ደግሞ የተሞነጫጨረ ነጭ ነገር አለ፣ አንዳንዱ ላይ ቀይ ነገር ነካ ነካ ብሎበታል። የሰው ልጅ እንዲህ ያለ ዕቃ ላይ እድፍ አስቀምጦ እንግዳ ይጠራል?

ጽሑፍ መሆኑን ከየት ልወቀው? ለኔ ፊደል ማለት ግድግዳ ላይ ያለ ጭረት ነው፤ ስኖር ስኖር በአጠገቡ እያለፍኩ ነው የኖርኩት። ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ሳሙና፣ እንደ አረቄ መለኪያ አንድ በአንድ አጠብኳቸው። ነጩም ቀዩም አላስቸገረኝም፣ እንደ ዱቄት ብን ብሎ ተነሳ። አናታቸው ላይ ያለው ብርማ ነገር ግን እምቢ አለኝ፤ በስፖንጅ ብዬ በጥፍሬ ብዬ፣ ከውስጥ ነው ለካ። በፎጣ አደረቅኋቸው፣ አሮጌውን ወረቀት ጣልኩ፣ በአዲስ ሶፍት ጠቀለልኳቸው። ደስ ብሎኝ እያንጎራጎርኩ! የጣውንቴን ልጆች ገላ አጥቤ አስተኛሁ ብዬ።

ቅዳሜ ሰው መጣ። ብርቱካን፣ ጁስ፣ ምክር፣ ሁሉም የያዘውን ይዞ መጣ። ከላያችን የምትኖረው ጎረቤታችንም ወረደች። ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ነው የምትሠራው፣ በአፏ ላይ ወንፊት የላትም። ሰው ሁሉ እንዴት አድርጎ እንደሚያጽናናው ሲጨነቅ እሷ ጁሷን ጠጥታ "ጋሼ፣ ጆሮ ነው እንጂ ዓይን አልሆነ፣ ተመስገን ይበሉ" አለችው። ሰው ሁሉ ብርጭቆውን አስቀመጠ። እሱ ግን ሳቀ። ከዚያ ሁሉ ሰው የሳቀው ለሷ ብቻ ነው።

እሁድ ቁርስ እንደበላን ሳጥኑን አውርዶ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። አንዱን ፈታና ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው። ሌላውን ፈታ። ሦስተኛውን ሲፈታ እጁ ፈጠን አለ።

"ማን ነካቸው?"

"እኔ ነኝ፣ አጠብኳቸው። እስኪ እያቸው፣ አቤት ሲያበሩ!"

"ጽሑፉስ?"

"የቱ ጽሑፍ?"

 እኔ አሁንም አልገባኝም፣ ምስጋና እየጠበቅኩ ነው። ከዚያ ቀስ ብሎ አስረዳኝ። አስራ ስድስቱም ለዓይን አንድ ናቸው። የሚለያቸው የፋብሪካው ጽሑፍና እሱ በቀይ ያደረገው ምልክት ነበር። አሁን እህትማማቾቹ የትኞቹ እንደሆኑ ማንም አያውቅም።

ምነው በጮኸብኝ። ወይ ብርጭቆ ቢወረውር። አንድ በአንድ በሶፍታቸው መልሶ ጠቀለላቸውና "ይሁን" አለ። አብረን ስንኖር ብዙ ጊዜ "ይሁን" ብሎኛል፤ እንደዚያ ቀን ያለ "ይሁን" ግን ሰምቼ አላውቅም። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ። አልቅሼ ስወጣ "ምን ታጥቢያለሽ ደግሞ?" አለኝ። እሱም ሊያስቀኝ መሞከሩ ነው፣ በዚያ ፊቱ።

ልጄ ሰማችና "ማሚ፣ ምን ያስጨንቃችኋል፣ ኦንላይን ኦርደር አደርግላቸዋለሁ" አለች። በሁለት ቀን መጣ፤ አዲስ ጥንድ፣ ጽሑፉ ላዩ ላይ እንዳለ። እኔ በእጄም አልነካሁት። ሰካው፣ እሷ ፊት አዳመጠና "ጥሩ ነው፣ ተባረኪ" አላት። መኪናዋ ከፓርኪንጉ ስትወጣ በመስኮት አየና ነቀለው።

"ምን ጎደላት?" አልኩት።

"ምንም አልጎደላትም፣ ንጹህ ናት።" ነቅሎ የያዛትን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና "ትንፋሽ የላትም" አለ።

ያን ቀን ነው ሃሳቡ የመጣልኝ። አስራ ስድስቱን አንድ በአንድ እየሰካን እንፈልጋቸው አልኩት። እሱ ቁጥር ጽፎ ሊለጥፍባቸው ፈለገ። "አንተ ቁጥር ብትጽፍ እኔ አላነብም፣ እኔ ካልሰማሁልህ ደግሞ አንተ በዚያች በታመመች ጆሮ ብቻህን አትለያቸውም። ስለዚህ በኔ መንገድ ነው የሚሆነው" አልኩት። የእንቁላል ካርቶን አመጣሁ፣ ያንን ትልቁን። በየጉድጓዱ አንድ አንድ ነገር ጣልኩበት፦ ሽምብራ፣ ምስር፣ አተር፣ ባቄላ፣ ሩዝ፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ በቆሎ፣ ቦሎቄ፣ ጓያ፣ ሰሊጥ፣ ተልባ፣ ኮረሪማ፣ ቅርንፉድ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ አዝሙድ። አምፖሎቹን በየፍሬያቸው ላይ አቆምኳቸው። ከዚያ በኋላ የሚጠፋ ነገር የለም።

ሥራው ቀላል እንዳይመስላችሁ። ተዘግታ እስክትቀዘቅዝ ይጠበቃል። ከሁለቱ አንዷ እዚያው ትቀራለች፣ ሌላዋ ትነቀላለች፣ አዲሷ ትሰካለች። አባታችን ሆይ ይደገማል። ትልቁ ይበራል። ሸክላው ከመጀመሪያው ይጀመራል፤ ሁሌ ያው ሸክላ፣ ያቺው ልጅ። ክራሩ ትንሽ ሄዶ ቆም ይላል፣ ከዚያ እሷ ትገባለች። እዚያች ቆም ያለችበት ቦታ ላይ ነው ጆሯችንን የምንተክለው። ራሱን ስለሚያዞረው በቀን ከሁለት በላይ አንችልም። አንዳንዱ ቀን ጭራሽ ከአልጋ አይነሳም፣ ያን ቀን ካርቶኑን ዝም ብዬ አየዋለሁ።

"ምስርስ?" ይለኛል።

"ምስር ታስነጥሳለች።"

"ባቄላ?"

"ባቄላ አፏን በሻሽ ሸፍና ነው የምትዘፍነው።"

"አተር?"

"አተር ደህና ናት፣ ግን ጎረቤት ቤት ናት ያለችው። እዚህ ግቢ ብላት አትገባም።"

እየሳቀ "እውነትሽን ነው?" ይለኛል፣ እኔም እምላለሁ። ያ እንግሊዝኛውንም አማርኛውንም አንብቦ የማይጠግብ ሰውዬ በጥራጥሬ ማውራት ጀመረ። ልጃችን ስልክ ደውላ "እንዴት ሆናችሁ?" ስትለው "ዛሬ ጓያን አሰናበትናት" ይላታል። እሷ መድኃኒቱ ናላውን አዙሮት እንዳይሆን ብላ ለኔ ቴክስት አደረገች፤ እኔ ቴክስት እንደማላነብ ረስታ።

ቀዶ ጥገናው ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው፣ ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ተራው የተልባ ነበር። ክራሩ ሄደ። ቆም አለ። አንድ ሰው ሶፋው ላይ አጠገቤ የተቀመጠ መሰለኝና ዞር አልኩ። ማንም የለም። አየር ነው የሰማሁት። አንዲት ሴት አፏን ከፈት አድርጋ አየር ሳበች፣ ከዚያ ዘፈነች። 

"መጣች!" አልኩ።

"ማን?"

"ትንፋሿ!"

ዞሮ ፊቴን መረመረው። "ቀልድሽን ነው።"

"በልጆቼ!"

"በልጆችሽ ምለሽ ነው እኮ ስፒከር ስታስገፊኝ የኖርሽው።"

እውነቱን ነው፣ ምን ልበል? "እሺ ፈትነኝ" አልኩት። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞረኝ። ከኋላዬ ሲነቅል ሲሰካ ይሰማኛል፣ እኔ አባታችን ሆይ እደግማለሁ፣ መርፌው ይቀመጣል። "አሁን?" "የለችም።" እንደገና። "አሁን?" "አለች።" እንደገና። "አሁን?" "አሁንም አለች፤ አልቀየርካትም አንተ ሌባ፣ እንደ ቀየርክ አስመስለህ ነው!"

ዞርኩ። ያልሰካትን አምፖል በጨርቅ ይዞ ቆሟል። ሊፈትነኝ ብሎ እዚያችኑ ነቅሎ መልሶ ሰክቷታል። እንደዚያ ሲያየኝ አላውቅም፣ በሠርጋችን ቀንም እንደዚያ አላየኝም። "ልክ ነሽ" አለኝ።

እህቷን በማግስቱ ጠዋት አገኘናት፣ ኮረሪማ ላይ። ከሰዓት በኋላ ሁለቱን ጎን ለጎን ሰካቸው። ሸሚዝ ቀይሮ፣ ፀጉሩን አበጥሮ ነበር። እኔም ነጠላዬን አደረግኩ፣ ምን እንደሆንኩ አላውቅም፣ ሰው ቤት የምንሄድ ነው የመሰለኝ። አምፖሎቹ ቀሉ። ትልቁን አበራ። መርፌውን አነሳ።

ያኔ አውሮፕላን መጣ። ዝቅ ብሎ ነው የመጣው፣ የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ። እኔ ግራ እጁን አየሁ፣ ሲነሳ ልጠብቅ። እጁ አልተነሳም። አውሮፕላኑ ቤቱን ሞልቶ እየጮኸ እሱ መርፌውን በዝግታ፣ በጥንቃቄ ሸክላው ላይ አስቀመጠና መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ዓይኑን ጨፈነ። ቀኝ ጆሮውን ወደ ፊት ሰጠ። ፈገግ እንዳለ ይጠብቃል።

አውሮፕላኑ አለፈ። ክራሩ ቆም አለ። ትንፋሿ ሳሎናችን መሐል መጣች፣ ከግራም አይደል ከቀኝም አይደል፣ ሸሚዙን የምታነሳው ነው የመሰለኝ። ከዚያ ዘፈነች። አንድ ስንኝ ጨረሰች፣ ሁለተኛውን ያዘች። እሱ አሁንም ይጠብቃል።

"አልደረሰችም?" አለኝ፣ ዓይኑን ሳይከፍት።

እኔ ቀልድ አጥቼ አላውቅም። ለቅሶ ቤት እንኳን አላጣም፣ ስንቴ ተቆጥተውኛል። ያን ቀን አጣሁ። ገና ናት ልበለው ወይ ብዬ አፌን ከፈትኩ። ስንት ዓመት በማያስፈልገው ስዋሽበት ኖሬ፣ በሚያስፈልገው ቀን ውሸቱ እምቢ አለኝ።

"አለፈች" አልኩት።

ዓይኑን ከፈተ። አምፖሎቹን አየ፣ እኔን አየ። "ሰሞኑን ዘፈኑን የምሰማው በጆሮዬ ይሁን ከጭንቅላቴ እያወጣሁ ይሁን እየተምታታብኝ ነበር" አለ። እንዲህ ሲል ድምፁ ደህና ነው፣ የሰው ወሬ እንደሚያወራ።

እኔ ግን ያቺን እሁድ እያሰብኩ ነው። ያን ዕለት ጆሮው ገና ደህና ነበረ፤ የበር ደወል ከኔ ቀድሞ ሰምቶ ነበር። ባላጥባቸው ኖሮ ቁርሱን እንደበላ ይሰማት ነበር። "እኔ ነኝ የወሰድኩብህ" አልኩት፣ ፊቱን አዙሬ፣ ጮክ ብዬ፣ እንዲሰማኝ። "እኔ ነኝ፣ ሁለት ሳምንቱን እኔ ነኝ የበላሁብህ።"

ራሱን ነቀነቀ። "አንቺ ሁለት ሳምንት ነው ያዘገየሽኝ። በወረቀት ጠቅልዬ ያን ሁሉ ዓመት ያስቀመጥኳት ማን ነው?"

ሸክላው አልቆ ባዶውን ይዞራል፣ ክሽ ክሽ ይላል፣ ማናችንም አልተነሳንም። በመጨረሻ "ሂጂ ድገሚልኝ" አለኝ። መርፌውን በእጄ አስነክቶኝ አያውቅም ነበር። ቀስ ብዬ አስቀመጥኩትና ተመልሼ እጁን ያዝኩ። ትንፋሿ ስትመጣ አውራ ጣቱን ጫን አደረግኩት።

"እዚህ ጋ?"

"እዚህ ጋ።"

"ምን ትመስላለች?"

እንዴት ይነገራል ይሄ? "ከባድ እንስራ ልታነሳ ጎንበስ ያለች ሴት እንደምትስበው ነው" አልኩት። "ትንሽ ፈርታለች።"

"ፈርታለች አይደል?" ብሎ ብድግ አለ። "ያን ጊዜ እኔም ፈርታለች ብዬ ነበር፤ ለማንም አልተናገርኩም።" ሳቀ፣ ደግሞ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። እስከ ዓርብ ድረስ ስንት ጊዜ እንደደጋገምነው አልቆጠርኩም።

ቀዶ ጥገናው በደህና አለቀ። ዕጢው ወጣ፣ እንደተባለውም ሆነ። ሆስፒታሉ ትንሽ ነጭ ሰሌዳና ማርከር ሰጠን። ልጄ ትጽፍለታለች፣ ጠያቂ ይጽፍለታል፣ የልጅ ልጆቹ በእንግሊዝኛ ይጽፉለታል፣ አንብቦ ጮክ ብሎ ይመልሳል። ሰው ሁሉ ያናግረዋል፣ እኔ ብቻ ቀረሁ። የሰው ትዳር ስንት ነገር ያፈርሰዋል፣ የኔን ሰሌዳ ሊያፈርሰው ነው ብዬ ሳልፈራ አልቀረሁም። ሳሾፍበት ብቻ ከፊቴ ላይ ያነባል፤ ለሌላው ነገር እጅና ዓይን አለን፣ እየለመድን ነው።

ከሰዓት በኋላ ሲሆን ወደ ጣውንቴ ያሳየኛል። አሁን የምከፍታት እኔ ነኝ። እሷን አበራለሁ፣ ጸሎቴን እደግማለሁ፣ ትልቁን አበራለሁ፣ መርፌውን አስቀምጣለሁ። እሱ ቦታው ላይ ይቀመጥና ግራ መዳፉን ስፒከሩ ላይ ያደርጋል፤ ንዝረቱ እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አደርግለታለሁ። ቀኝ እጁን እኔ እይዛለሁ። ትንፋሿ ጋ ስንደርስ እጫነዋለሁ፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ መጣች እንደማለት። አንዳንዴ ተንኮሌ ሲነሳ ያለቦታው እጫነዋለሁ። የሸክላውን መዞር በዓይኑ እየተከተለ ነው ለካ፤ እጄን ጧ ያደርገኛል።

ያለፈው ማክሰኞ እንዲህ ተቀምጠን ሳለን በሩ ተንኳኳ። ጎረቤታችን ናት፣ የሥራ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛለች፣ ከሥራ ገብታ ልታርፍ ነበር ለካ። በር ላይ ቆማ መዳፉን ስፒከሩ ላይ ያደረገውን ባለቤቴን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ የሚዞረውን ሸክላ አየችው።

"እትዬ" አለችኝ፣ "ጋሼ እንደሆኑ አይሰሙም። እርስዎ እንደሆኑ ዘፈን አይወዱም። እንግዲህ ይሄን ሁሉ የምሰማው እኔ ብቻ ነኝ ማለት ነው፤ ለኔ ከሆነ ሸክላውን ቀይሩት!"